«ደህና ነን» ያልኩበት ስልክ

ቅዳሜ፣ ማርች 28፣ 2009
አውቶቡሱ ዘግይቶ ሰፈሬ ላንድማርክ፣ ቤቴ የደረስኩት ሲመሽ ነው። እግሬን አመመኝ። ልጄ ሃይማኖት የኮሌጁን ደብዳቤ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ጠበቀችኝ። ተቀብለዋታል... የሰጧት እርዳታ ግን ዘጠኝ ሺህ ዶላር ይጎድለዋል። ገቢዬን ያዩት በአምናው ታክስ ነው። አምና ሁለት ፓርኪንግ ቦታ ነበር የምሠራው። አሁን አንድ ብቻ። ማን ይንገራቸው?

ሰኞ፣ ማርች 30
የትምህርት ቤቷ አማካሪ «አፒል አድርጉ፣ ችግራችሁን ጻፉላቸው» ብላታለች። ልጄ ጻፈች፣ እኔ ፈረምኩ። «አባቴ አንዱን ሥራ አጥቷል፣ መክፈል አንችልም» ይላል። እውነት ነው... ግን በዕድሜዬ ተቸገርኩ ብዬ ለሰው ጽፌ አላውቅም። እስክሪብቶውን ይዤ ስቀመጥ ባለቤቴ ውባንቺ «ፈርም እንግዲህ፣ ማን ያይሃል» አለችኝ።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 7
ምን ነካኝ?
ከኮሌጁ ኮል አደረጉ። ሴትዮዋ ትሁት ናት። «እንዴት ናችሁ? ክፍያውን ትወጡታላችሁ?» አለችኝ። እኔ ሆዬ... «ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ምንም አይደል፣ እንወጣዋለን።» ከአፌ አመለጠ። ሰው እንዴት ናችሁ ሲል ሌላ ምን ይባላል? «በጣም ጥሩ» ብላ ዘጋች።
ሃይማኖት አጠገቤ ቆማ ነበር። «ዳድ፣ ዋይ?» ብቻ አለች። ራት አልበላችም። አፈርኩ።

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 8
ከትምህርት ቤት ስትመለስ አጠገቤ አስቀመጥኳትና ደወልኩ። ብትሰማ ይሻላል።
«ትናንት የነገርኩዎት ልክ አይደለም» አልኩ። «ደህና አይደለንም። አንዱ ሥራዬ ከጃንዋሪ ጀምሮ የለም። ቤት ኪራይ ከፍዬ የሚተርፈኝ ለአስቤዛም አይበቃም። ዘጠኝ ሺህ የለኝም።»
ሃይማኖት እጄን ያዘችኝ። «አይዞህ አባዬ» አለች፣ በአማርኛ። ሴትዮዋ ከሥራ የተሰናበትኩበትን ወረቀት ፋክስ አድርግልኝ አለች። ላክሁ።

ዓርብ፣ ኤፕሪል 24
ሰባት ሺህ ጨመሩላት! የቀረውን እሷ ሰመር ሠርታ፣ እኔም በየወሩ እየከፈልኩ... ይቻላል። ውባንቺ እልልታዋን አቀለጠችው። ጎረቤት ይሰማል ልል ነበር። ይስማ።

እሑድ፣ ኦክቶበር 18
ሃይማኖት ከዶርም ደወለች።
«እንዴት ነሽ?»
«ደህና ነኝ አባዬ፣ ይመስገን።»
ይቺን «ደህና» አውቃታለሁ። የእኔው ናት።
«እሺ፣ ምን ጎደለሽ?» አልኳት።
ለካ የኬሚስትሪውን መጽሐፍ አልገዛችም። ወር ሙሉ ከጓደኛዋ እየተዋሰች ነው የምታጠናው።
ለምን አልነገርሽኝም ልላት ነበር። በየትኛው አፌ? ዋጋው ስንት ነው አልኳት። ነገረችኝ።