ትምህርቱ ካለቀ በኋላ ስለደረሰው የአቶ አያና ጥሪ

ለተከበሩ የቤተ መጻሕፍታችን የበላይ ኃላፊ
አሰበ ተፈሪ፣ ጥር ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.

ክቡርነትዎ ከነመላው ቤተሰብዎ እንደምን ሰንብተዋል? የመጻሕፍት ጠባቂው የአቶ አያና ረዳት የነበርኩት እኔ ሰርክአዲስ፣ ሦስት ጊዜ ደጅዎን ብጠና ስብሰባ ላይ ስለነበሩ፣ ጤናዎን በዚህ ግልጽ ደብዳቤ ለመጠየቅና ምስጋናዬን ለማቅረብ ተገድጃለሁ።

፩ኛ/ አቶ አያና በየክረምቱ አዲስ አበባ ለቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች የሚሰጠውን ትምህርት እንዲማሩ ሲያመለክቱ፣ ከሁሉ አስቀድመው ማወቅ የፈለጉት ምስጥን ከወረቀት የማራቂያውን ዘዴ ነበር። ክቡርነትዎ ግን ለድካማቸው አዝነው፣ በመጀመሪያው ክረምት የግምጃ ቤት ጸሐፊዎን፣ በሁለተኛው የባለቤትዎን ወንድም ስለላኩልን እናመሰግናለን። ሁለቱም የምስክር ወረቀታቸውን ይዘው ተመልሰዋል፤ የመጻሕፍቱ ክፍል በየት በኩል እንደሆነ ግን እስካሁን አልጠየቁም።

፪ኛ/ ባለፈው ክረምት ጥሪው በአቶ አያና ስም ሲመጣ፣ እንዳይጠፋ በመሳቢያዎ ስላኖሩላቸው፣ ትምህርቱ በተዘጋ በሦስተኛው ቀን ምንም ሳይጨማደድ ደርሷቸዋል።

፫ኛ/ የቦኬው ገበሬ አቶ በክሪ፣ መምህር ልጃቸው በወባ ሲሞትባቸው፣ ልጁ ሽማግሌዎችን እየጠየቀ የጻፈውን ደብተር ለእኛ በአደራ ሰጥተው ነበር። ፊደል ስላልቆጠሩ በየወሩ ሲመጡ አቶ አያና ያነቡላቸው ነበር። በጥቅምት መጥተው ሲቀመጡ፣ አቶ አያና ደብተሩን ከመደርደሪያ ቢስቡት ሽፋኑ ብቻ እጃቸው ላይ ቀረ፤ ውስጡ አፈር ሆኖ ፈሰሰ።

«አባቴ፣ ይቅር ይበሉኝ። መጠበቁን አላወቅሁበትም» አሉ አቶ አያና።

አቶ በክሪ አፈሩን በኩታቸው ጫፍ ቋጠሩት። ከዚያም «እስቲ የምታስታውሰውን ንገረኝ» ብለው እስከ ምሳ ሰዓት ጠበቁ።

አቶ አያና ዘጠኝ ዓመት ካገለገሉ በኋላ «በሙያ ሥልጠና ማነስ» ከሥራ የተሰናበቱበት ደብዳቤ በተፈረመበት ዕለት ደርሷቸዋልና፣ ለዚህ ቅልጥፍናዎ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ዛሬ በደሳ ከተማ ከአንድ ነጋዴ መጋዘን ጆንያ ይሰፋሉ። ባለፈው ሳምንት ሳገኛቸው ስለ ሁሉም ሰው ደኅንነት ጠየቁኝ፤ ስለ መጻሕፍቱ ግን አልጠየቁኝም።

ሰው አምኖ የሰጠዎት ነገር ሁሉ ከእጅዎ እንዳይፈስ ዘወትር የምጸልይ፣ ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜና ያልተቋረጠ ስብሰባ የምመኝ፣

ታዛዥዎ ሰርክአዲስ ጎበዜ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ለመጪው ክረምት ትምህርት እኔም ማመልከቻ አስገብቻለሁ። ክቡርነትዎ አይቸኩሉ፤ የቀሩን መጻሕፍት አሥራ አንድ ናቸው።