ለሚናገረው መሣሪያ ቃል የሰጡት የጋሼ ደወል የሕይወት ታሪክ

ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ደወል እያለ የሚጠራቸው ታላቅ ወንድሜ ከውሃ ፓምፕ ጠጋኙ አባታችንና ከልብስ ሰፊዋ እናታችን በሰኔ ወር 1942 ዓ.ም. ተወለዱ። ቤታችን ከፓምፕ ጣቢያው ግድግዳ ጋር የተያያዘ ነበር። እናታችን ሲያወሩ እንደሰማሁት፣ ወንድሜ ሞተሩ ሲጮህ እንቅልፋቸውን የሚለጥጡ፣ ሞተሩ ዝም ሲል የሚያለቅሱ ሕፃን ነበሩ።

የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በተወለዱበት ከተማ ተከታትለው በ1962 ዓ.ም. ከቴክኒክ ትምህርት ቤት በኤሌክትሪክ ሙያ ተመረቁ። የመጀመሪያ ሥራቸው የትምህርት ቤትና የፋብሪካ ደወል መጠገን ነበር። አንድ ጊዜ የጠገኑት ደወል ክፍለ ጊዜው ሳያልቅ እየቀደመ ስለጮኸ ተማሪው ሁሉ በፍቅር ወደቀላቸው፤ ርእሰ መምህሩ ግን ሰላምታ ነሷቸው። ቅጽል ስማቸው የወጣው ያን ጊዜ ነው።

በ1971 ዓ.ም. ከአንዲት አዋላጅ ነርስ ጋር ጋብቻ መሠረቱ። ባለቤታቸው ጨዋታ አዋቂ ነበሩና «እኔ ሰው አስጮሃለሁ፣ እሱ ብረት ያስጮሃል፤ ቤታችን መቼ ጸጥ ይላል?» እያሉ እንግዳ ያስቁ ነበር። ሦስት ልጆች አፍርተው በወግ አሳደጉ። ታላቋ የሒሳብ ባለሙያ፣ መካከለኛው የድልድይ መሐንዲስ፣ ታናሿ ፋርማሲስት ሆኑ። እንጀራቸው በየሩቅ ከተማው ሆነና አንድ በአንድ ከቤት ወጡ።

ወንድሜ ጡረታ ከወጡ በኋላ በ2004 ዓ.ም. በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ በጥገና ሠራተኛነት ተቀጠሩ። በየክፍሉ ምድጃውን፣ በሩን፣ የመድኃኒቱን ሳጥን የሚጠብቅና የሚናገር መሣሪያ የተተከለው በዚያው ሰሞን ነው። መሣሪያው ቀጭን ድምፁን ከፍ አድርጎ «ማስጠንቀቂያ! የማብሰያ መሣሪያው ገባሪ ነው!» ይላል፤ ምድጃው በርቷል ማለቱ ነው። በቤቱ የሚኖሩ አንድ ጡረተኛ የአውቶቡስ ሾፌር ከአልጋቸው ሆነው «ገባሪውስ እኔ ነበርኩ፤ ዕድሜ ልኬን ገብሬ ጨርሻለሁ በሉት!» ብለው መለሱ። ሌሎቹ አዛውንት ግን አልሳቁም፤ ደነገጡ። አንዳንዶቹም ጆሯቸው ቀጭን ድምፅ ስለማይሰማ ምድጃው ሲነድ ዝም ብለው ተቀመጡ።

ወንድሜ መሣሪያውን እንደ ሰው እንዲናገር ማድረግ ጀመሩ። ድምፁን አወፈሩት፣ አዘገዩት። «ሰው ሳይጠራ ወሬ አይጀመርም፤ መጀመሪያ ይጥራቸው፣ ዞር ይበሉ፣ ከዚያ ይንገራቸው» ይሉ ነበር። እናም መሣሪያው «እማማ» ብሎ ትንሽ ይቆይና «ምድጃው እንደበራ ነው፤ እስቲ ይዩት» ማለት ለመደ። ጆሯቸው ፈጽሞ ለማይሰማ በራስጌያቸው የሚርገበገብ መብራት ገጠሙ። ሾፌሩ ገላ መታጠቢያ ቤት ወድቀው መሣሪያው «ወድቀዋል?» ሲላቸው በኩራት «ማን? እኔ? አልወደቅኩም!» ብለው የጽዳት ሠራተኛዋ እስክታገኛቸው ቀዝቃዛው ወለል ላይ ቀሩ። ወንድሜ በማግስቱ ጥያቄውን «አባባ፣ ሰው ልጥራልዎት?» በሚል ቀየሩት። ሾፌሩ በሌላ ቀን ሲወድቁ «ጥራ እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ!» አሉት።

የቤቱ ኃላፊ ይህን አይተው ለቤተሰቦችም መሣሪያው የሚልከውን መልእክት እንዲያዘጋጁ ጠየቋቸው። ልጆቹ ሥራ ላይ ሆነው ስለ ወላጆቻቸው ይጨነቁ ነበርና ወንድሜ ደስ እያላቸው ጻፉት፦ «እናትዎ ደህና ናቸው። ቁርሳቸውን በልተዋል፤ መድኃኒታቸውን ወስደዋል።» መልእክቱ በየማለዳው በየልጁ ስልክ ይደርስ ጀመር። ምስጋናው ጎረፈ። ቀስ በቀስ ግን የሚደውለው ሰው አነሰ፤ ከዚያ የሚመጣው አነሰ። የእንግዳ ክፍሉ ወንበሮች ቦታ ያዙ ተብለው ወደ ዕቃ ቤት ተወሰዱ። ወንበሮቹን የተሸከሙት ወንድሜ ራሳቸው ናቸው።

በዚያ ቤት አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት ነበሩ። እሑድ እሑድ ፀጉራቸውን አበጥረው፣ ደህና ቀሚሳቸውን ለብሰው መስኮት ዳር ይቀመጣሉ። ወንድሜ ልጃቸው ዘንድ ደውለው «እናትህ እየጠበቁህ ነው» ቢሉት፣ «ምነው ጋሼ፣ ደህና መሆኗ በየቀኑ ይደርሰኛል እኮ!» አላቸው። ልጁ ክፉ ሰው አልነበረም፤ የተነገረውን አመነ።

ወንድሜ ያን ቀን መልእክቱን ቀየሩት፦ «እናትዎ ደህና ናቸው። መስኮት ዳር ሆነው እርስዎን እየጠበቁ ነው።» በዚያ ሳምንት አንዳንድ ልጆች መጡ። ሌሎቹ ግን «በማሽን ልንወቀስ ነው እንዴ?» ብለው ተቆጡ፤ ኃላፊዋም የቀድሞው ቃል እንዲመለስ አዘዙ። ወንድሜ መለሱት። ክረምቱ ሳይወጣ መምህርቷ ከምሳ በኋላ ጋደም እንዳሉ በዚያው አሸለቡ። ልጃቸው እየሮጠ መጥቶ ስልኩን ለወንድሜ ዘረጋላቸው፦ «ጠዋት ደህና ናት ብሎኝ ነበር እኮ! ጋሼ፣ ደህና ናት ብሎኛል!» መሣሪያው አልዋሸም፤ ቁርሳቸውን በልተው፣ መድኃኒታቸውን ወስደው ነበር።

በ2010 ዓ.ም. ሥራቸውን ለቀቁ። የስንብት ዝግጅትም አልፈለጉም። ለምን ብዬ ብጠይቃቸው «እኔ ማሽኑን ሰው አስመሰልኩት፤ ሰዉ ደግሞ መምጣቱን ተወ» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ስለ ሥራቸው ሲያነሡ አልሰማሁም።

ባለቤታቸው አእምሯቸው ደክሞ ሰው መለየት ሲያቅታቸው ወንድሜ ማንንም ሳያስጠጉ በእጃቸው አጥበው፣ በእጃቸው አጉርሰው አስታመሙ። በ2013 ዓ.ም. ባለቤታቸው ሲያርፉ ቤቱ ወና ሆነ። ልጆቻቸውም አባታችን ብቻውን ሆነ ብለው ተጨንቀው፣ ተመካክረው፣ ያንኑ የሚናገር መሣሪያ በቤታቸው አስተከሉላቸው። ቃሉ ሁሉ ወንድሜ የጻፉት ቃል ነበር። ይህን ለልጆቻቸው አልነገሩም። «አሳባቸው ይረፍ» ብቻ አሉ።

የልብ ሕመም ነበረባቸው። ባለፈው ዓመት አንድ ቀን ክኒናቸውን ሳይወስዱ ዋሉ፤ መሣሪያው ይህን ስለነገራቸው ሦስቱም ልጆች ደንግጠው ደወሉ። እኔ በማግስቱ ስሄድ ወንድሜ ፊታቸው በርቶ፣ ማን ምን እንዳለ፣ የትኛው የልጅ ልጅ ጥርስ እንዳወጣ ሲያወሩኝ ዋሉ። ሳይቆይ ክኒኑን እንደገና ተዉት። ከዚያም ደጋገሙት። ልጆቹ መጀመሪያ ለመኑ፣ ኋላ ተቆጡ፤ በመጨረሻም መሣሪያው ቶሎ ቶሎ እንዲያስታውሳቸው አስደረጉና አንድ ነገር እንደተሠራ ቆጥረው ወደየጉዳያቸው ተመለሱ። እኔም ተንበርክኬ ለመንኳቸው። «እቱ፣ ስወስደው እኮ ማንም አይደውልም» አሉኝ።

ሐኪሙ ልባቸው ክፉኛ እንደተጎዳ ሲነግረን ጊዜው አልፎ ነበር። ጥቂት ሳምንታት በሆስፒታል ሲረዱ ቆይተው ኅዳር 19 ቀን 2017 ዓ.ም. ከቀትር በኋላ በተወለዱ በሰባ አራት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ተለዩ። ልጆቻቸው መንገድ ላይ ነበሩ።

ይህን እንዳለ እንድጽፈው የፈቀደችው ታላቅ ልጃቸው ናት። አሳጥሬ አምጥቼላት ነበር። አንብባ መለሰችልኝና «አክስቴ፣ ክኒኑንም ጻፊው። የብዙ ሰው አባት በሕይወት አለ» አለችኝ።

ወንድሜ የሁለት ሴቶችና የአንድ ወንድ ልጅ አባት፣ የአምስት የልጅ ልጆች አያት ነበሩ። ለእናታቸው ለቅሶ ሦስቱም በየተራ መጥተው በየተራ ስለሄዱ፣ ልጆቻቸው በአንድ ረድፍ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ካየሁ ዘመን የለውም። ዛሬ ግን ከፊት ወንበር ሦስቱም አሉ፤ እጅ ለእጅ ተያይዘዋል። ወንድሜ ይህን ቢያዩ ምንኛ ደስ ባላቸው!

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ሰው ስትጠብቅ በማትውልበት ቤት ያሳርፍልን። ለልጆቻቸውም፣ ለእኔም፣ በሕይወት ላለነው ሁሉ መጽናናቱን ይስጠን።