ላልቆመው ሦስተኛ ፎቅ የነፈግሁት ፊርማ

ደብረ ማርቆስ፣ ሰኔ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ምናለ አማረ
የጸዳለ ጮቄ ሪል እስቴት ዋና ሥራ አስኪያጅ

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? ደረጃ ሲወጡ ጉልበትዎን እንደሚያምዎ ስለማውቅ፣ በምናሠራው ሕንፃ እስካሁን አንድም ደረጃ አለመኖሩ ታላቅ እፎይታ እንደሆነልዎ አምናለሁ። እኔ፣ እስከ ማክሰኞ ድረስ የድርጅቱ የፋይናንስ ኃላፊ የነበርሁት ዘመናይ ቢተው፣ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፤ እንቅልፌም ተመልሶልኛል።

በሥርዎ በሠራሁባቸው ሦስት ዓመታት ስለዋሉልኝ ውለታ በአካል ላመሰግንዎ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ነበር። ጥበቃው በትሕትና ከበር ስለመለሰኝ፣ ምስጋናዬን በአደባባይ ለማቅረብ ተገድጃለሁ።

አንደኛ፣ ስለ መዋኛ ገንዳው። በቆርቆሮው አጥር ላይ ባሳሉት ባለ ስምንት ፎቅ ሕንፃ ሥር ሰማያዊ ገንዳ ይታያል፤ ደንበኞቻችንም በዚህ ብርድ ማን ሊዋኝበት ነው እያሉ ይስቁ ነበር። ለመሠረት የተቆፈረው ጉድጓድ በአምናው ክረምት ውሃ ሞላ፣ እስከ ዛሬም አልጎደለም። ከገባነው ቃል ሁሉ በጊዜው የተጠናቀቀው እሱ ብቻ ሆኖ ሳለ በዓመታዊ ሪፖርቴ ላይ ባለመጥቀሴ ይቅርታዎን እለምናለሁ። እንቁራሪቶቹ ያለ ምንም ቅድመ ክፍያ ገብተውበታል።

ሁለተኛ፣ ስለ ሰጡኝ ትምህርት። በሞኝነቴ የፋይናንስ ኃላፊ ሥራ የገባውን ገንዘብ ከተሠራው ሥራ ጋር ማስተያየት ይመስለኝ ነበር። እርስዎ ግን በስብሰባ መካከል፣ ፋይናንስ ማለት ተስፋን በቁጥር መግለጽ መሆኑን አስረዱኝ። ለሲሚንቶና ለብረት የተያዘው በጀት ስለምን ለመኪናዎ መግዣ እንደዋለ በጠየቅሁ ጊዜም፣ መሪው በእግሩ ከሄደ ደንበኛ እንደሚሸሽ በትዕግሥት ገለጹልኝ። መኪናዋ በእውነት መልካም ናት፤ ድርጅታችን እስካሁን ከመሬት ከፍ አድርጎ ያቆመው ነገር እሷ ብቻ ናት።

ሦስተኛው ለመጻፍ ይከብደኛል፤ ስለ አባቴ ስም ነው። ሲቀጥሩኝ በትምህርቴና በልምዴ የመረጡኝ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። አባቴ መሪጌታ ቢተው አርባ ዓመት ቅኔ ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ ከሉማሜ እስከ ሮብ ገበያ ከእሳቸው እግር ሥር የተቀመጠ ዘመድ የሌለው ቤት ጥቂት ነው። ባላገሩ ቤት ሊገዛ ሲመጣ ውሉን አያነብም ነበር። የሚጠይቀው ገንዘቡን ማን እንደሚይዘው ነው። የሽያጭ ሠራተኞችዎ የመሪጌታ ቢተው ልጅ ናት ሲሉት፣ እሷ ከያዘችውማ ምን ቀረኝ ብሎ ከጉያው አውጥቶ ይቆጥር ነበር። ለካ እኔ የተቀጠርሁት ለዋስነት ኖሯል፤ ዋስ መሆኗን ያልነገሯት ዋስ። ለዚህኛው አላመሰግንዎትም። የአንደኛውንና የሁለተኛውን ክፍያ ደረሰኞች አንድ በአንድ የፈረምሁት እኔ ነኝ፤ ጉድጓዱንም በየቀኑ እያየሁ አልፍ ነበር። አፍሬበታለሁ።

አራተኛ፣ ባለፈው ወር ጠረጴዛዬ ላይ ስላስቀመጡልኝ ደብዳቤ። የሦስተኛው ፎቅ ሶሌታ፣ ማለትም የወለሉ ኮንክሪት፣ ስለተሞላ ስልሳ አራቱ ቤት ገዢዎች ሦስተኛውን ክፍያ እስከ ሰኔ 20 ገቢ እንዲያደርጉ ያሳስባል። በእርስዎ ፊርማ ቢሄድ ገዢው ሁሉ መጥቼ ልይ ስለሚል፣ የፊርማው ቦታ ለእኔ ተተወልኝ። እኔ ሳመነታ የሽያጭ ሠራተኞችዎ ወሬውን ለገዢዎቹ በስልክ አደረሱት።

ባለፈው ዓርብ አቶ አበረ ቢሮዬ መጡ። የስናን ወረዳ ገበሬ ናቸው፤ ቤቱን የገዙት እዚሁ ከተማ ለምትማር ልጃቸው ነው። ሁለቱን የእርሻ በሬዎቻቸውን ረቡዕ ሰኔ 11 ገበያ ሊያወጡ ወስነው፣ ገንዘቡን የት እንደሚያስገቡ ሊጠይቁኝ ነበር የመጡት። በሰኔ፣ ሰው ሁሉ ጠምዶ በሚያርስበት ወር መሆኑን ልብ ይበሉልኝ። በቁጥር ላስረዳቸው አቅም አጣሁ፤ ይዣቸው ወደ ጉድጓዱ ሄድሁ። ውሃውን ቆመው አዩት። ከዚያም መሪጌታ ይህን ያውቃሉ ወይ ብለው ብቻ ጠየቁኝ። 

ሰኞ ደብዳቤውን ሳልፈርም መለስሁልዎ፤ ማክሰኞ ከድርጅቱ ራዕይ ጋር አልተባበረችም ብለው አሰናበቱኝ። ያን ዕለት ለአባቴ ሁሉን ነገርኋቸው። እሳቸውም፣ ገንዘባቸውን ለሰጡሽ ንገሪ እንጂ ለእኔ ምን ትነግሪኛለሽ አሉኝ። ይህ ደብዳቤ ግልጽ የሆነው ስለዚህ ነው።

በየጊዜው፣ ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል እያሉ ይመክሩኝ እንደነበር አልዘነጋሁም። ይኸው ተሻርሁ፤ ቁጭቱን ሁለት ቀን ሙሉ ብጠብቀው አልመጣም። የሚቆጨኝ በፈረምሁት እንጂ ባልፈረምሁት አይደለም።

እንግዲህ ክቡርነትዎ ከፈቀዱ፣ ለገዢዎቻችን የመጨረሻ ሪፖርቴን ላቅርብ። ሦስተኛ ፎቅ የለም። ሁለተኛም አንደኛም የለም። ሦስተኛውን ክፍያ አትክፈሉ፤ የሁለቱን ክፍያ ሒሳብ፣ ገንዘቡ የት እንደዋለ ጭምር፣ በተጠየቅሁበት ቦታ ሁሉ ቆሜ እመሰክራለሁ።

እስካሁን በወረቀት ብቻ ለሚታየው ከፍታዎ አንገቴን ቀና አድርጌ እጅ የምነሳ፣
የቀድሞ ታዛዥዎ
ዘመናይ ቢተው

ግልባጭ፦
ለስልሳ አራቱ ቤት ገዢዎች
ለመሪጌታ ቢተው
በቆርቆሮው አጥር ላይ፣ ከሥዕሉ ሥር

ማስታወሻ፦ አቶ አበረ በሬዎቹን አይሸጡም። የፊታችን ረቡዕ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሌሎቹ ገዢዎች ጋር ሆነው የተሞላውን የሦስተኛ ፎቅ ሶሌታ ሊጎበኙ ይመጣሉ። አብዛኞቹ በዕድሜ የገፉ ስለሆኑ ጠንካራ መሰላል ቢያዘጋጁላቸው መልካም ነው፤ ምን ላይ እንደሚያስደግፉት ግን እርስዎ ያስቡበት።