አውራ ጣቴን ስለ ማሳረፍ

ሐምሌ 7 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ ቴዎፍሎስ ጫኔ
የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤታችን ርእሰ መምህር

ጉዳዩ፦ አውራ ጣቴን ስለ ማሳረፍ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል? የክረምቱ ብርድ ጉልበትዎን እንዳልነካው፣ በወላጆች በዓል ዕለት ቆመው ረጅም ንግግር ያደረጉበት ጉሮሮዎም እንደ ዳነ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ገብሱም ደኅና ነው፤ በጎቹም ደኅና ናቸው። ደኅና ያልሆነው አንድ ወረቀት ብቻ ነው፤ እርሱም በቢሮዎ በር አጠገብ በመስታወት ውስጥ ተሰቅሏል። ወደ እርሱ እስክደርስ ድረስ ግን፣ ትምህርት ቤትዎ ነገርን በቁጥር ማስቀመጥ እንደሚወድ ስለማውቅ፣ ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

ካላስታወሱኝ፣ እኔ የአሥረኛ ክፍል ተማሪዋ የእየሩስ ወሰኔ እናት ነኝ። በስብሰባ ላይ ከኋላ፣ በሩ አጠገብ የምቀመጠው ጥቁር ሻሽ ያሰርሁት ሴት። በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ እጄን አውጥቼ ስላልተናገርሁ ቢረሱኝ አልፈርድብዎትም።

አንደኛ፦ በየካቲቱ ስብሰባ «ወላጆች ልጆቻቸውን በትምህርት፣ በሙያ ምርጫና በጤና እንዴት ይርዱ» የሚል ባለ ስምንት ነጥብ ወረቀት ለወላጅ ሁሉ በማደልዎ አመሰግናለሁ። ወረቀቱን የሚያድለው መምህር ስንታየሁ እኔ ዘንድ ሲደርስ የዘረጋውን እጁን መልሶ ሰበሰበና «እማማ፣ ለእርስዎ ምን ያደርግልዎታል? ወይዘሮ አማከለች ይነግሩዎታል» አለኝ። ወይዘሮ አማከለች የአንድ አጥር ጎረቤቴ ናቸው። መምህሩ ዓይኔን ከድካም ለማዳን ያሳየው አሳቢነት እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም።

ወረቀቱን በኋላ በልጄ የሒሳብ ደብተር ውስጥ አገኘሁትና አነበብሁት። አዎን፣ አነበብሁት፤ ወደዚህ ቃል እመለሳለሁ። ሦስተኛው ነጥብ «ልጅዎን ከጎረቤት ልጅ ጋር አያወዳድሩ» ይላል። መልካም ምክር ነው። እናትን ከጎረቤት እናት ጋር አታወዳድሩ የሚል ግን ወረቀቱን ገልብጬ ጀርባውን ብፈልግም አላገኘሁም። ቦታ ጠቧችሁ ይሆናል።

ሁለተኛ፦ በወላጆች በዓል ዕለት ለወይዘሮ አማከለች የአርአያ እናትነት ምስክር ወረቀት ስለ ሰጡልን እጅ እነሣለሁ። ይገባቸዋል። ከስብሰባ ቀርተው አያውቁም፤ የሚቀመጡት ከፊት ነው፤ እርስዎ ሲናገሩም ራሳቸውን የሚነቀንቁት ሌላው ሰው ገና ሳይገባው ነው። ወረቀቱን ሲያስረክቧቸው ምክንያቱን እንዲህ ብለው አስረዱን፦ «የራሳቸውን ብቻ ሳይሆን የጎረቤታቸውን ልጅ እየሩስ ወሰኔን መክረው፣ የእንስሳት ሐኪም የመሆን ምኞቷን ሰምተው፣ የሙያ ምርጫዋን ቅጽ እንደ ወላጅ ሆነው ሞልተው ፈርመዋል።» ሕዝቡ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብሁ። ሁሉ ሲያጨበጭብ እጅን ጭን ላይ አድርጎ መቀመጥ ለሰው ዓይን ያጋልጣል።

ልጄ ምን መሆን እንደምትፈልግ የሰማሁት እንግዲህ ያን ጊዜ ነው፤ ከሦስት መቶ ሰው ጋር እኩል፣ ከኋላ ወንበር። አሥራ ሰባት ዓመት አብሬያት ለኖርሁት ለእኔ ዜናውን በድምፅ ማጉያ ስላደረሱልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

ቀንታ ነው ይሉ ይሆናል። ቀንቻለሁ። ለንስሐ አባቴም ተናግሬዋለሁ። ያስቀናኝ ግን ወረቀቱ አይደለም። ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አጥሩ ላይ ተደግፋ ከእርሳቸው ጋር ትስቃለች። ያንን ሳቅ በእኔ ቤት አላውቀውም። የግቢያችንን በር ከፍታ ስትገባ ፊቷ ላይ የቀረው ትርፉ ነው፤ ለእኔ የሚደርሰኝም እርሱው ነው። አጥሩን ባለፈው ዓመት ከፍ አድርጌ ያሳጠርሁት ለፍየል ነው ብያለሁ። ፍየል የለንም።

ሦስተኛ፦ ይህኛው እርስዎን አይመለከትም፤ ነገር ግን ስድብ ሲታደል የራሴን ድርሻ ሳላነሣ ብቀር ነውር ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት አንዲት በግ ምጥ ጠናባት። ግልገሉ በእግሩ መጥቶ ነበር። እየሩስ እጇን በቅቤ አሽታ አስገባች፤ አዞረችው፤ ጎትታም አወጣችው። በሕይወት ወጣ። እኔም በሕይወቴ የማልረሳውን ቃል ተናገርሁ፦ «ይኼ የሴት ልጅ ሥራ ነው? ሂጂ፣ እጅሽን ታጠቢ!» ወይዘሮ አማከለች በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው ያዩ ኖሮ «ኧረ ይቺስ ሐኪም ናት!» አሉ። በአንድ በግ ላይ ሁለት ሴቶች አንዳንድ ቃል ተናገርን። ልጅቷ የትኛውን ይዛ እንደ ሄደች ድምፅ ማጉያዎ ነግሮኛል።

አራተኛ፦ ስለ አውራ ጣቴ። ልጄን ላስመዘግብ ቢሮዎ በመጣሁ ጊዜ ጸሐፊዋ የምሥራች፣ ስሜን ሳትጠይቀኝ የቀለሙን ሣጥን ከፈተች። «እማማ፣ አውራ ጣትዎን ብቻ» አለችኝ፤ ከዚያም ጣቴን በቁራጭ ወረቀት ጠራረገችልኝ። የእርሷ ጥፋት አይደለም። ማንበብ እንደምችል ለሰው ተናግሬ አላውቅም። አነባለሁ ብል «መቼ ተማርሽ?» ይሉኛል፤ ቀጥለውም «ለምን?» ይሉኛል። የዚያ መልስ ራቤል ከተማ ባል አግብታ ሦስት ልጅ ወልዳለች።

ታላቂቱ ልጄ ጥሩሸዋ ናት። ባለቤቴ ወሰኔ በሞተ በዓመቱ፣ ስምንተኛ ክፍል ስትጨርስ፣ ከትምህርት ቤት አንድ ወረቀት ተላከልኝ። እርሷ ታማ አያቷ ዘንድ ነበረች። ያመጣውን ሰው ምን እንደሚል መጠየቅ አፈርሁና ተቀበልሁት፤ በርበሬ ያለበትን ማሰሮ አፍ ከደንሁበት። ወፍራም ጥሩ ወረቀት ነበር። ቄስ ወልደ ጻድቅ ለዝክር መጥተው ዓይናቸው ማሰሮው ላይ ሲያርፍ አነበቡት፤ ፈተናውን እንዳለፈች፣ መሐል ሜዳ ከተማ ሄዳ እንድትመዘገብ ይላል። የመመዝገቢያው ቀን ካለፈ ሦስት ሳምንት ሆኖት ነበር። «ወይ ተሾመች» ብለው በስሜ ጠሩኝና ወረቀቱን መልሰው ሰጡኝ። በዓመቱ ዳርኋት። አንድ ቀን ወቅሳኝ አታውቅም፤ ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር።

እየሩስ ያን ጊዜ አንደኛ ክፍል ገብታ ነበር። በየቀኑ «ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢልኝ» እያልሁ አጠገቧ ተቀምጬ ጣቷን በዓይኔ እከተል ነበር። እርሷ የምቆጣጠራት ይመስላት ነበር። አንደኛ ክፍልን አብረን ጨረስን፤ ሁለተኛንም፤ ደረጃ የወጣችው ግን እርሷ ብቻ ናት። ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ፤ ዳዊቱንም፣ የማዳበሪያውን ጆንያም፣ የእናንተን ማስታወቂያም። አሥር ዓመት ሙሉ ያላነበብሁት ወረቀት ከቤቴ አልወጣም። ያልጠበቅሁት የልጄ ወረቀት እኔ ሳላነብበው ከቢሮዎ እንደሚወጣ ነው።

አሁን ወደ መስታወቱ ደረስን። ወይዘሮ አማከለች ልጄን እንደ ወላጅ የመከሩበትን ቅጽ «በአርአያነት የተሞላ» ብለው ሰው ሁሉ እንዲማርበት ስለ ሰቀሉልን አመሰግናለሁ። ከበዓሉ በኋላ ሕዝቡ እየመጣ ፊርማውን አደነቀ። ያማረ ፊርማ ነው፤ እንደ ሐረግ ተጠማዞ ሦስት መስመር ይይዛል። ሰው ሲበተን እኔም ቀረብ ብዬ ከፊርማው በላይ ያለውን አነበብሁ። ሙያዎቹ በተራ ተዘርዝረዋል። አራተኛው «የእንስሳት ጤና» ይላል። አምስተኛው «የእንጨት ሥራ» ይላል። ሁለቱም በ«የእን» ይጀምራሉ። ምልክቱ ያለው አምስተኛው ላይ ነው።

ክቡር ሆይ፣ ግልገል አዙራ ያወጣችውን ልጅ አርአያ እናታችን አናጢ አድርገዋታል፤ እርስዎም በመስታወት አስጊጠው ሰቅለውታል።

እየሩስን አይውቀሷት። ቅጹ «ይህ ክፍል በወላጅ ብቻ ይሞላል» ስለሚል መምህር ስንታየሁ ደጅ አስወጥቷት ነበር። ወይዘሮ አማከለችንም በዚህ አልወቅሳቸውም። ደብዳቤ ሲመጣላቸው «መነጽሬ ጠፋብኝ» ብለው ልጄን ጠርተው ያስነብባሉ፤ መነጽሩ ግንባራቸው ላይ ነው። ይህንን ሰበብ ከእኔ የበለጠ የሚያውቀው ሰው በዚህ አገር የለም። እኔ በእጄ የያዝሁት ወረቀት ምን እንደሚል አልጠየቅሁም፤ እሳቸውም አልጠየቁም። ልዩነታችን የእኔው ወረቀት በርበሬ መክደኑ፣ የእሳቸው መሸለሙ ነው።

ቅጾቹ ሐምሌ 15 ቀን ወደ ወረዳ እንደሚሄዱ ማስታወቂያችሁ ይላል። ከሄደ በኋላ ለአንዲት የገበሬ ልጅ ብሎ የሚመልሰው የለም። አንድ ልጅ ቀኑ ባለፈበት ወረቀት አጥቻለሁ። ለሁለተኛዋ ስምንት ቀን አለኝ።

ይህን ደብዳቤ ከመለጠፌ በፊት ለእየሩስ ሰጠኋት። እስከዚህ ያለውን አነበበችው። «እማ፣ ማነው የጻፈልሽ?» አለችኝ። መልስ ሳልሰጣት እስክሪፕቶውን አነሣሁና ስሟን ከፊቷ ጻፍሁት። ስሟን ከደብዳቤው ጽሕፈት ጋር አስተያየች። ከዚያ ጣቷን ወረቀቱ ላይ አድርጋ «ሐኪም በሐመሩ ሐ ነው፤ አንቺ በሃሌታው ጽፈሽዋል» አለችኝ፤ አረመችውና ሳቀች። አጥሩ ላይ የምትስቀው ሳቅ ነው። ያን ጊዜ የወረቀታችሁን አንደኛ ነጥብ ፈጸምሁ፤ ምን መሆን እንደምትፈልግ ጠየቅኋት። ምሳ እስኪረፍድ አወራችልኝ። ስለ በግ ሳንባ ይህን ያህል የሚባል ነገር እንዳለ አላውቅም ነበር።

መጨረሻ ላይ «እትዬ አማከለች እንዳይከፋቸው» ብላ ለመነችኝ። እንደ ገና ቀናሁ። ስለ እርሷ ብዬ ግን ሁለት መስመር ሰርዣለሁ፤ ያነበቡት እንግዲህ የለዘበው ነው።

ልመናዬ አጭር ነው። ሐምሌ 9 ቀን ጧት ከልጄ ጋር እመጣለሁ። ያንን ቅጽ ከመስታወቱ አውርደው አዲስ ይስጡኝ። አራተኛው ላይ ምልክት አደርጋለሁ፤ «የወላጅ ስምና ፊርማ» በሚለው ላይም እጽፋለሁ። የቀለሙ ሣጥን እንዳይከፈት ለጸሐፊዎ ለየምሥራች ይንገሩልኝ፤ ጣቴ ብዙ ደክሟል፤ ይረፍ።

ስሜ ተሾመች ሆኖ ሳለ እስከ ዛሬ የተሾምሁበት ነገር አልነበረም። አሁን ግን በራሴ ሹመት፣ ጤናዎ እንዲበዛ፣ መስታወትዎም ሳይሰበር እንዲኖር እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር ከኋላ ወንበር ተነሥቼ እጅ እነሣለሁ፤

ተሾመች ገብረየሱስ
የጥሩሸዋና የእየሩስ ወሰኔ እናት

ግልባጭ፦
ለወላጅ መምህራን ኅብረት
ለመምህር ስንታየሁ (ዓይኑን ካላደከመው)
ለወይዘሮ አማከለች

ሳልረሳው፦ የወይዘሮ አማከለችን ግልባጭ በአጥሩ ላይ ራሴ አቀብያቸዋለሁ። መነጽራቸው ከጠፋባቸው ልጄን አይጥሯት፤ እኔን ይጥሩኝ። ቁጭ ብዬ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ አንድም ቃል ሳልዘል አነብላቸዋለሁ።