መጽሐፉ ውስጥ የሌለው ልጅ

ለምወድሽ እታለም፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽን ስጠይቅ ታናሽሽ፣ ዳኛዋ የምንላት፣ ብታየኝ ትስቅብኛለች። ደብዳቤ በሌላ ነገር ሲጀመር አይቼ ስለማላውቅ ግን ጠየቅኩሽ። እኛ ደህና ነን። እማዬን ዓይኗ አስቸግሯት ነበር፤ አሁን ልትታከም ሄዳለች። የስፌት መኪናሽ እንደተከደነ ነው። በሩም ያው ነው፣ በትከሻ ካልገፉት አይከፈትም።

አንቺ ከሄድሽ ክረምቱ አልፎ ትምህርት ተከፍቷል። ሰው ሁሉ «አረፈች» ይላል። እኔ ቃሉን አልወደድኩትም። አንቺን ተኝተሽ እንኳ ስታርፊ ያየሽ የለም፤ በእንቅልፍሽ ጣትሽ ጨርቅ ይለካ ነበር።

የምጽፍልሽ ስለ መጽሐፉ ነው። ስለዚያ ልባሱ ተገንጥሎ በዩኒፎርም ቁራጭ ስላለበስሽው፣ የጀልባ ቀዛፊው ሦስት ሴት ልጆች ስላሉበት መጽሐፍ። የሥነ ጽሑፍ መምህራችን እያንዳንዳችን ስለምንወደው መጽሐፍ ቆመን እንድንናገር አዘዙን። እጅ በማውጣት ማንም አልቀደመኝም። አባትየውን ወንዙ ከወሰደው በኋላ ትልቋ እንዴት መረብ እየጠገነች ቤቱን እንዳቆመች፣ መካከለኛዋ በሁሉ ነገር እንደምትከራከር፣ ትንሿም ስታለቅስ እንዳይታወቅባት እንደምትዘፍን ተናገርኩ። ከሁሉም የምወደው ግን ቁልፌ የሚባለውን ወንድማቸውን ነው አልኩ። ሸሚዙን ሁልጊዜ አንድ ቁልፍ ዘሎ የሚቆልፈውን፣ አባቱ በጠፋበት ምሽት ወንዙ ዳር ፋኖስ ይዞ የቆመውን።

መምህሯ መነጽራቸውን አወለቁ። የትኛው ልጅ እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። መጽሐፉን ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቁታል፤ ሊያሳፍሩኝ እንዳልፈለጉ ከድምፃቸው ያስታውቃል።

«የኔ ልጅ፣ እነሱ'ኮ ወንድም የላቸውም።»

ከኋላ ወንበር የክፍላችን ቀልደኛ፣ «መምህር፣ ከጀልባው ጋር ሰጥሞ ይሆናል» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ፋኖሱን የያዘው ማን ነው ታዲያ ብዬ ሞገትኩ። ፋኖሱ ግንድ ላይ ነው የተሰቀለው አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ «ሰጣሚው» ሆኗል። ሻይ ቤት ስገባ ሁሉ ዋና ችያለሁ ወይ ብለው ይጠይቁኛል።

እቤት ገብቼ መጽሐፉን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩት። እስከዚያ ቀን በዓይኔ አንብቤው አላውቅም ነበር። አንቺ ልብስ ስትተኩሺ፣ ካውያው እስኪግል እያቆምሽ ስታነቢልኝ የሰማሁትን መጽሐፍ፣ ደግሞ በዓይን ማንበቡ ምን ያደርግልኛል እል ነበር። ፋኖሱ እውነትም ግንድ ላይ ነው። ገበታው ዙሪያ ያሉት ወንበሮች ሦስት ናቸው። እኔ ሸሚዜን አጣምሜ በቆለፍኩ ቁጥር «ደግሞ እንደ መጽሐፉ ልጅ!» ትይኝ ነበር። እኔ እሱን የምመስል ይመስለኝ ነበር፤ ለካ እሱ ነው እኔን የሚመስለው።

ተናደድኩብሽ። በሳቁ አይደለም። ያን ሰሞን ዳኛዋ እማዬን ወደ እሷ ከተማ ወስዳ ልታሳክማት ልብስ እየሸከፈች ነበር። እኔ ፈተና ስላለብኝ እቀራለሁ ተባለ። መቼ እንደሚመለሱ ማንም አልተናገረም፤ እኔም መጠየቅ ፈራሁ። መጽሐፉን ከዘጋሁት በኋላ ደግሞ የባሰ ነገር መጣብኝ። አንቺ ያስገባሽው ልጅ፣ አንቺ ስትሄጂ የት ይሆናል?

ዳኛዋን ጠየቅኳት። መጀመሪያ ሳቀች፤ ቀጥሎ ሻንጣው ላይ ቁጭ አለች።

«የሰው አባት ቤቱን ጥሎ ሲሄድ ልብስ ይልካል» አለችኝ፤ «የኛ አንተን ላከ።»

ከሌላ እናት ተወልጄ መምጣቴንማ አውቃለሁ። ፌስታሌን አስታውሳለሁ፤ እግሬን የሚውጠውን ጫማም አስታውሳለሁ። የማላስታውሰው መቆሜን ነው። ተቀመጥ ካልተባልኩ አልቀመጥም ነበር አለች፤ ተቀመጥ የሚለኝም አልነበረም። እማዬ ምግቤን ታስቀምጥልኛለች እንጂ ቀና ብላ አታየኝም። ዳኛዋ ራሷ ወደመጣበት ይመለስ ብላ ፈርዳብኝ ነበር፤ ይህን ስትነግረኝ ቅንጣት አላፈረችም፣ ታውቂያታለሽ።

አንድ ምሽት አንቺ እየተኮስሽ ስታነቢላት፣ ሦስቱ እህቶች ለእራት ተቀመጡ ከሚለው ቀጥለሽ «ልጁ ግን በሩ ላይ ቆሟል» አልሽ። ዳኛዋ መጽሐፉን ነጠቀችሽ። የታለ፣ አሳዪኝ አለች። አንቺም ከመስመሩ በታች ስለሆነ ለሷ እንደማይታያት ነገርሻት። መጽሐፋችንን አበላሸች ብላ አኮረፈች፤ ከዚያ በኋላ አንቺ ስታነቢ እሷ ጓዳ ትገባ ነበር። አንቺ ግን አልተውሽም። በየምሽቱ ልጁ በሩ ላይ ይቆማል። ገብቶ እንዲቀመጥ አታደርጊውም፣ እንዲሄድም አታደርጊውም።

በመጨረሻ እማዬ፣ ጀርባዋን ሰጥታን ካልሲ እየጠቀመች፣ ዞር እንኳ ሳትል ተናገረች አለች ዳኛዋ።

«ያ ልጅ ግን እራቱን በልቷል?»

«አልበላም» አልሻት አንቺ። «የሚጠራው ጠፍቶ።»

እማዬ ካልሲውን አስቀመጠች። ከዚያ «በይ ጥሪው» አለችሽ፤ ተነስታም የተቀመጠችበትን ዱካ በእግሯ ገፋ አደረገችው። እኔ ያን ዱካ ከመጣሁበት ቀን ጀምሮ የኔ ይመስለኝ ነበር።

ዳኛዋ ይህን ከነገረችኝ በኋላ ሻንጣውን ዘጋች። ትናንት አውቶቡስ ተራ ሸኘኋቸው። እማዬ ስትሰናበተኝ በዓይኗ ስለማታይ የሸሚዜን ቁልፎች ከላይ እስከ ታች በጣቷ ዳሰሰቻቸው። አንዱ መዘለሉን ያወቀች ይመስለኛል፤ ግን እንዳለ ተወችው። መቼ ትመለሳላችሁ አልኩ እንደምንም። ዳኛዋ ሐኪሙ ያውቃል አለችኝና አውቶቡሱ ሄደ።

እንግዲህ እታለም፣ ወገብሽ ይረፍ። እጅሽን ካውያ አያግኘው። በደረስሽበት በር ሁሉ «ግቢ» የሚልሽ አይጥፋ። የዛሬን ጠዋት ብቻ ነግሬሽ ላብቃ።

ስነሳ ቤቱ ውስጥ ማንም አልነበረም። ሻይ አፈላሁ። ዳቦው ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ መብላት አላሰኘኝም። መጽሐፉን አወጣሁና ካውያሽ አጠገብ ቆሜ፣ እህቶቹ ለእራት የተቀመጡበትን ገጽ ጮክ ብዬ አነበብኩ። ሦስቱ ተቀመጡ አልኩ። ከዚያ ነጥብ ነው፣ ቀጥሎም ስለ ዝናቡ ያወራል። እንዳንቺ ልጨምርበት አልኩ፤ አልሆነልኝም። ወደ ዝናቡም ማለፍ አቃተኝ።

ስልኩ ጮኸ። እማዬ ናት። እንደምን አደርክ እንኳ አላለችኝም።

«ያ ልጅ ቁርሱን በልቷል?»

 አልበላም አልኳት።

«የሚጠራው ጠፍቶ ነው?»

«አዎ።»

«እንግዲህ ጠራሁት» አለችኝ፣ «ሻዩ ሳይበርድ።» ከኋላዋ ዳኛዋ ሸሚዙንም አስተካክሎ ይቆልፍ ስትል ይሰማኛል።

መጽሐፉን ዘጋሁ። ሸሚዜን ፈትቼ፣ አንቺ እንዳስተማርሽኝ ከታች ጀምሬ ቆለፍኩ። ከዚያ ዱካዬን ስቤ ተቀመጥኩ፣ በላሁ።

ወንድምሽ