አባባ ያልዘፈኑት

ሰኞ፣ ኅዳር 9፣ ደብረ ማርቆስ

አንድ አሜሪካዊ ሙዚቀኛ የአያቶቹን ዘመን ዘፈኖች የተጫወተበትን አልበም ካገኘሁ ወዲህ ሌላ ነገር አልሰማም። ሰውየው ብቻውን ነው የሚዘፍነው፤ የተቀመጠበት ወንበር ሲጢጥ ሲል እንኳን ይሰማል። እኔም የአባባን ድምፅ እንዲህ አድርጌ ልቅዳ ብዬ ተነሳሁ። ዕድሜ ልካቸውን ማሲንቆ ሲጫወቱ ኖረው አንድም የተቀዳ ነገር የላቸውም፤ ሳሉም እየባሰባቸው ነው።

ዛሬ መስኮቱን ዘጋሁ፤ ድምፅ እንዳይገባ በሩ ላይ ጋቢ ሰቀልኩ፤ ስልኬን ፊታቸው አስቀመጥኩ። አባባ ማሲንቋቸውን ቃኙና መምታት ጀመሩ። መቱ፣ መቱ፣ አልዘፈኑም።

"ይዝፈኑ እንጂ አባባ" አልኳቸው።

"ማን ግጥም ሰጠኝና?"

ጠጅ ቤትም ይሁን ሠርግ ቤት፣ አባባ የሚዘፍኑት ሰው "ተቀበል!" ብሎ ግጥም ሲሰጣቸው ነው። ይህን እያየሁ አድጌ ዛሬ ጸጥታ ሳበጅ ዋልኩ! እኔው ስንኝ ልስጣቸው ብዬ አፌን ከፈትኩ። አንዲትም አልመጣችልኝም። በማሲንቆ ያደግሁ ልጅ! ጠበቁኝ፤ ደግሞ ጠበቁኝ። ከዚያ ማሲንቋቸውን ግድግዳው ላይ መልሰው ሰቀሉት።

እንዳይከፋቸው አልበሙን ከፈትኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ።

"ጥሩ ይመታል። ግጥም የሚሰጠው ማነው?"

"ማንም። ብቻውን ነው።"

"አይ፣ እሱም ሰው የለውም" አሉ።