ሶህዬን የሚጠብቃት ሰው አለመኖሩን ስለ ማሳወቅ

ለክቡር አቶ ጉክ ዶንግሆ
የሳሪምሙን መዝናኛ ድርጅት ዋና ሥራ አስኪያጅ
ሴኡል

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት፣ በመልካም የምግብ ፍላጎት፣ በቅርቡ በቴሌቪዥን ቀርበው ካጫወቱን የጉልበት ሕመምም ተፈውሰው እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ኦክ ሚሪም እባላለሁ፤ ቡቾን ከተማ በአንድ መነጽር ቤት ተቀጥሬ የሰው ዓይን ስለካ የምውል፣ ከሙልቢት የዘፈን ቡድን አምስት ልጆች መካከል ደግሞ የባን ሶህዬ አድናቂ የነበርኩ ሴት ነኝ። «የነበርኩ» የምትለው ቃል በስህተት አልገባችም፤ ደብዳቤው ሁሉ የተጻፈው ለእሷ ሲባል ነው። ጊዜዎ ውድ መሆኑን ስለምረዳ፣ ምስጋናዬንና ቅሬታዬን ሳላምታታ በተራ ቁጥር ለማቅረብ እሞክራለሁ፤ ከተምታታብኝ ግን ይቅር ይበሉኝ።

አንደኛ፦ ሶህዬን በየፎቶው መሃል ላይ ስለሚያቆሙልን እጅግ እናመሰግናለን። ቡድኑን የማያውቅ ሰው ቢያያት የሁሉ አውራ እሷ ናት ብሎ ይምላል። እኛ ግን እናውቃለን። ከአምስቱ ሰው የሚሻማባቸው ዩቢና ናሬ ናቸው። ናሬ መሃል የቆመች ቀን የዩቢ አድናቂዎች ተቃውሞ የሚነበብበት የመብራት ሰሌዳ የተጫነበት መኪና ተከራይተው ቢሮዎ ደጃፍ ላይ ያቆማሉ፤ ዩቢ መሃል የቆመች ቀን የናሬዎቹ ተራ ይሆናል። ሁለቱን ጎን ለጎን ማቆም ደግሞ ማን ወደ ካሜራው ቀረበች የሚል ሌላ ጦርነት ነው። ስለዚህ በጥልቅ ማስተዋልዎ ማንም የማይቀናባትን ልጅ መርጠው በመካከላቸው እንደ አጥር ተከሏት። ልጅቷ አራት ዓመት ሙሉ እንደ ቆመች ናት። የዩቢ አድናቂዎች ፎቶውን ሲቆርጡ የሶህዬ ግራ ትከሻ ይተርፋቸዋል፤ የናሬዎቹ ሲቆርጡ ቀኝ ትከሻዋ። አንድ ቀን ሁለቱንም ትከሻዎች ከሁለቱም ገጾች ለቅሜ ለመግጠም ሞክሬ ነበር። ፊቷን ግን ከየትም አላገኘሁትም።

ሁለተኛ፦ በየአልበሙ ውስጥ ሳይከፈት የማን እንደሆነ የማይታወቅ አንድ የፎቶ ካርድ እንዲታሸግ ስላዘዙ አመሰግናለሁ። በዚህ ጥበብዎ ምክንያት የሶህዬን ፎቶ ለማግኘት ለፍቼ አላውቅም፤ ከአልበም መሸጫው ደጃፍ ትንሽ ቆም ማለት ይበቃኛል። ተማሪዎቹ ዩኒፎርማቸውን እንደ ለበሱ ደረጃው ላይ ተቀምጠው ማሸጊያውን በጥርሳቸው ይቀድዳሉ። «ወይኔ፣ አሁንም ሶህዬ! ምን አድርጌያት ነው የምትከታተለኝ?» ትላለች አንዷ። ሌላዋ በአገጯ ወደ እኔ እያመለከተች «ዝም በይ፣ እትዬ መጥተዋል፤ እሳቸው ይወስዷታል» ትላታለች። እወስዳታለሁ። የጫማ መደርደሪያዬ ሳይቀር በሶህዬ ተሞልቷል። እንዲህ ያለ የከተማ ጽዳት ሥራ ያለ ውድድር ስለ ሰጡኝም ባለዕዳዎ ነኝ።

ሦስተኛው ጉዳይ የፊርማው ቀን ነው። አምስቱ ልጆች ከረጅም ጠረጴዛ ጀርባ ተደርድረው ይቀመጣሉ፤ እኛ ከአንዷ ወደ አንዷ እየተሸጋገርን እናስፈርማለን። ዩቢ ፊት የደረሰ ሰው ተንበርክኮ ይቀራል፤ ሠራተኛዎ ትከሻውን ይዞ «እለፉ እንጂ፣ ኧረ እለፉ!» ካላለው አይነሣም። ቀጥላ ያለችው ሶህዬ ናት። ከእሷ በኋላ ናሬ ስላለች፣ ሶህዬ ፊት የሚቆም ሁሉ ለናሬ ፀጉሩን ያበጥራል። አንዲት ልጅ መስታወት አውጥታ ከንፈሯን ስትቀባ አይቻለሁ፤ መስታወቱን የያዘችላት ሶህዬ ነበረች።

እኔ ስደርስ ሁልጊዜ «እህቴ፣ ምሳ በላሽ?» ትለኛለች፤ እኔም በላሁም አልበላሁም በላሁ እላለሁ። በመጨረሻው የፊርማ ቀን ግን ጥያቄዋ ተለወጠ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እህቴ፣ አንቺ ግን አይሰለችሽም?» አለችኝ። እኔ ደግሞ ደረቴን ነፍቼ «ምን ማለትሽ ነው? እስከ መጨረሻው አለሁልሽ!» አልኳት። እስክሪብቶዋ ቀጥ አለ። ከዚያ ፈገግ ብላ ስሜን ጻፈችልኝ፤ ፊደሎቹ ተንጋደዋል። ደስ ብሏት መስሎኝ ነበር።

አራተኛ፦ በሳምንቱ ያወጡት ማስታወቂያ። ሶህዬ በትውልድ ከተማዋ በቶንግዮንግ ፊዚዮቴራፒ ለመማር ኮሌጅ እንደ ተቀበላት፣ ትምህርቱ በማርች ወር ስለሚጀመር ውሏ ከጊዜው በፊት እንዲፈርስላት እንደ ጠየቀች ነገሩን። ከልምምድ በኋላ የዩቢንም የናሬንም ቁርጭምጭሚት የምትጠቀልለው እሷ መሆኗን ለምናውቅ ሰዎች ምርጫዋ አላስገረመንም። ያስገረመን መልስዎ ነው። ድርጅቱ «የሚጠብቋትን አድናቂዎች ልብ ላለመስበር ሲል» ጥያቄዋን አልተቀበለም።

ልብ ይበሉልኝ፣ ክቡር ሆይ። በዚያ ማስታወቂያ ውስጥ ልቧ እንዳይሰበር የተፈራላት ሰው እኔ ነኝ። በሩን የቆለፉት እርስዎ ሆነው ሳለ፣ ልጅቷ በሩን በገፋች ቁጥር የምትሰማው የእኔን ስም ነው። ለቢሮዎ ስልክ ደውዬ «እኛ ምንም አንሆንም፤ እባካችሁ ልቀቋት» ብል፣ ስልኩን ያነሣችው ልጅ በደስታ ልትሞት ደረሰች። «አዩ እንዴት እንደሚወዷት! እንደ እርስዎ ያለ ሰው እያለ እንዴት ብለን ሂጂ እንላታለን?» አለችኝ። ብጮህላት አድናቂ አላት ይባላል፤ ዝም ብል አድናቂዎቿ ተደስተዋል ይባላል። ፊርማ ቀን ብሄድ በታጠረባት ግንብ ላይ ድንጋይ ጨመርኩባት፤ ብቀር ደግሞ ወንበሯ ፊት ማንም ሳይቆም ትውላለች። በሕይወቴ መላ እንዲህ ጠፍቶብኝ አያውቅም፤ እንቅልፍም አጥቻለሁ።

በዓመቱ መጨረሻ ዝግጅት ላይ ግን፣ ያክብርልኝ፣ መላውን የሰጡኝ እርስዎ ራስዎ ነዎት። ማይክ ጨብጠው፣ አዳራሹ ሙሉ ሰው እየሰማ፣ «ሶህዬን የሚጠብቃት አንድ ሰው እንኳ ከጠፋ፣ እኔ ራሴ አውቶቡስ ተራ ድረስ እሸኛታለሁ!» ብለው ሳቁ። አዳራሹም ሳቀ። ሶህዬም ሳቀች፤ መሃል ስለ ቆመች ካሜራው ሊያልፋት አልቻለም። እኔ አልሳቅኩም። የእርስዎን ያህል ታላቅ ሰው በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት የሚናገረው ቃል ቀልድ ይሆናል ብዬ መጠርጠር ድፍረት መስሎ ስለ ታየኝ፣ ቃልዎን እንደ ቃል ያዝኩት።

ስለዚህ የቀረነውን ሰበሰብኩ። አንድ የምሳ ጠረጴዛ እንኳ አልሞላንም፤ ከዴጆን የመጣች ነርስ፣ ፈቃድ ወጥቶ ዩኒፎርሙን ያላወለቀ ወታደር፣ እኔ፣ በቃ። ሐሳቤን ስነግራቸው ወታደሩ ማንኪያውን ወረወረው። «እንዴ፣ እትዬ ሚሪም! እኔ እኮ ድንበር ጠባቂ ነኝ! ጓደኞቼ ሶህዬን ከዳሃት ወይ ሲሉኝ ምን ልመልስ?» አለ። ነርሷ አልማረችውም። «ከዳኋት በላቸዋ! ማርች ላይ ክፍል ካልገባች ቦታዋን ለሌላ ይሰጡባታል። ያንተ ወሬ ነው የሚበልጠው?» አለችው። ልጁ ከቦርሳው ላይ የሶህዬን ካርድ ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ በግንባሯ ደፋት። አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፤ ሲጠይቁኝ የኪምቺው በርበሬ ነው ያቃጠለኝ አልኩ።

ከዚህ የተነሣ ለክቡርነትዎ በአደባባይ የማሳውቀው የሚከተለውን ነው። ባን ሶህዬን የሚጠብቃት ሰው የለም። የአድናቂዎቿ ገጽ ተዘግቷል። በየዓመቱ ለልደቷ ፎቶዋን የምንሰቅልበትን፣ ፊቷን የወረቀት ኩባያ ላይ የምናትምበትን ቡና ቤት ሰርዣለሁ፤ ባለቤቱ «ዘንድሮስ ምን ነካችሁ? ግድግዳዬን ባዶ ልተወው?» ሲሉኝ «ባዶ ይሁን» ብያቸዋለሁ። ዘፈኗንም መስማት ትቻለሁ፤ ለእሷ የሰጧት ክፍል ሰው ጉሮሮውን ጠርጎ ሳይጨርስ የሚያልቅ በመሆኑ ይኸኛው ብዙ አልከበደኝም።

ሌላው ግን ከብዶኛል፤ ለምን እዋሻለሁ። የሚወዱትን ሰው አልወደውም ብሎ ስምን ከነአድራሻ ጽፎ መፈረም ቀላል አይደለም፤ እሷም አንብባ እውነት ይመስላታል ብዬ እፈራለሁ። ይምሰላት። ለመውጣት የጎደላት ነገር የእኛ አለመኖር ብቻ ከሆነ፣ የለንም።

ለድርጅትዎ ረጅም ዕድሜን፣ ለዩቢና ለናሬ ሚዛኑ ያልተዛነፈ ክብርን፣ ለእርስዎ ደግሞ የተናገሩትን የማይረሳ አእምሮ እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

ከዛሬ ጀምሮ የማንም አድናቂ ያልሆነችው
ኦክ ሚሪም
ቡቾን

ድኅረ ጽሑፍ፦ አድናቂነት የለመደ ሰው ሥራ ፈትቶ መቀመጥ አይሆንለትም። ስለዚህ ማርች ገብቶ ሶህዬ አሁንም ከፎቶው መሃል ከታየች፣ ነርሷም፣ ወታደሩም፣ እኔም በአንድ ቀን የዩቢ አድናቂዎች እንሆናለን፤ መሃሉ ለዩቢ ይሰጥ የሚል የመብራት ሰሌዳም ደጃፍዎ ላይ እናቆማለን። የናሬ አድናቂዎች ይህን ሲያዩ ምን እንደሚያደርጉ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ። ያን ጊዜ በሁለቱ መካከል የሚቆሙት እርስዎ ነዎት።